የታሰበ ሥራ ሲለወጥ ስለ መመርመር

ማናቸውም ሥራ በወረቀት እንደ ተጻፈ እስከ ፍጻሜው አይደርስም፤ ገንዘብ ያንሳል፣ ዕቃ ይታጣል፣ አዛዡም ይለወጣል። ስለዚህ ለውጥ መምጣቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይመረመርና ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ለዚህም የመርካቶ ገበያ ታሪክ ምስክር ይሆነናል።

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አስቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ከተማዪቱን ከያዘ በኋላ ግን ነጩንና ኢትዮጵያዊውን በየሰፈሩ የሚለይ ፕላን ወጣ፤ በዚህም ምክንያት ገበያው ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ከተማ ወደ ተባለው ስፍራ ተዛወረ። መርካቶ የሚለውም ስም ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ገበያ ማለት ነው። ከሰፈሩ የሚነሣው ሰው ግን ምክር አልተጠየቀም።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ዘር የሚለየው ሥርዓት ተሻረ፤ ገበያው ግን በአዲሱ ስፍራ ጸና፤ ነጋዴውም ሸማውን፣ ቅመሙን፣ ቆርቆሮውን በየተራው እየለየ አሰፋው። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ለውጥ ሲመረመር ሁሉን ማጽደቅ ወይም ሁሉን ማፍረስ ግድ አለመሆኑን ነው፤ ክፉው አሳብ ይጣላል፤ ለሕዝብ የሚጠቅመው ይያዛል።

ነገር ግን ትንሹ ለውጥ ከትልቁ ይልቅ ከዓይን ያመልጣል። አንድ ባለሱቅ አንድ ክንድ ያህል ወደ መንገድ ቢወጣ ማንም ልብ አይለውም፤ ሁሉም እንደ እርሱ ቢያደርግ ግን መተላለፊያው ይጠፋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ የሱቆቹ መጨናነቅና የመንገዱ ጥበት የእሳት አጥፊዎችን ሥራ አስቸግሮ ነበር።

እንግዲህ መምህራንና የአገር ሽማግሎች ሆይ፣ በመንደራችሁ ትምህርት ቤት ስታሠሩ ይህን አስቡ። ሁለት በር ይኑረው የተባለው ክፍል ገንዘብ ስላነሰ በአንድ በር ይሠራ ቢባል፣ አናጢው ብቻውን አይወስን። አስቀድማችሁ አራት ነገር ጠይቁ፤

1ኛ፤ ለውጡን ያመጣው ምክንያት ምንድን ነው?
2ኛ፤ ወጪውና የሥራው ቀን ምን ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል?
3ኛ፤ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል? እርሱስ ተጠይቋልን?
4ኛ፤ ካለፉት ለውጦች ጋራ ሲደመር ሥራውን ከታሰበለት ጉዳይ ያርቀዋልን?

መልሱም ከነቀኑና ከፈቃጁ ስም ጋራ በመዝገብ ይጻፍ። ሥራው ካለቀም በኋላ መዝገቡ በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ የጐደለው ገንዘብ በተገኘ ጊዜ የቀረው በር እንዲከፈት የሚያስታውሰን እርሱ ነውና።