ዳታቤዝ የተጠየቀውን አምድ ብቻ የሚያነበው እንዴት ነው?

ዳታቤዝ መረጃን በሰንጠረዥ ያስቀምጣል። በአንድ ባንክ ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ረድፍ ይይዛል፤ ስሙ፣ ከተማውና ቀሪ ሂሳቡ በየአምዳቸው ይሰፍራሉ። ከአምዶቹ የተፈለጉትን ብቻ ነጥሎ የማውጣቱን ስሌት የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ አስፍሮታል።

ጥያቄ ሲደርሰው ዳታቤዙ መጀመሪያ ዕቅድ ያወጣል። የአዲስ አበባ ደንበኞች ቀሪ ሂሳብ ድምር ቢጠየቅ፣ የሚፈለጉት ሁለት አምዶች ናቸው፤ ለመደመር ቀሪ ሂሳብ፣ ለማጣራት ከተማ። ከተማ በውጤቱ ላይ ባይታይም ማጣሪያው እስኪያልቅ ድረስ ያስፈልጋል። የቀሩት አምዶች ገና ከጅምሩ ከዕቅዱ ይወጣሉ።

ከዕቅድ መውጣት ግን ከመነበብ መዳን ማለት አይደለም። ፖስትግሬስን በመሰሉ ዳታቤዞች አንድ ረድፍ እንደ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ አንዱን ሊጠራ የመጣ ቤቱን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ከዲስክ የሚነሣው ሙሉ ገጽ (በፖስትግሬስ በተለምዶ 8 ኪሎባይት) ስለሆነ ያልተፈለጉት አምዶችም አብረው ይመጣሉ፤ የሚጣሉት ከተነበቡ በኋላ ነው። ያም ቢሆን መጣላቸው ማህደረ ትውስታና ኔትወርክ ይቆጥባል፤ የዲስኩ ድካም ግን አይቀርም። ማምለጫዎች አሉ። የተፈለጉት አምዶች በሙሉ ለፍለጋ በተዘጋጀው ማውጫ (ኢንዴክስ) ውስጥ ካሉ መልሱ ከዚያው ሊገኝ ይችላል። በጣም ረጅም ጽሑፍም ከረድፉ ተለይቶ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ካልተጠራ አይነካም።

ዋናው መፍትሔ አቀማመጡን መለወጥ ነው፤ እያንዳንዱን አምድ ለብቻው ማስቀመጥ። በአምስተርዳም የተሠራው ሞኔትዲቢና እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ይፋ የሆነው ሲ-ስቶር የተባሉት ዳታቤዞች በዚህ መንገድ ሄደዋል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የፓርኬት ፋይል የየአምዱን መነሻና ርዝመት የሚያሳይ ካርታ በመጨረሻው ላይ ይይዛል። አንባቢው ፕሮግራም ከጅራቱ ይጀምርና በቀጥታ ወደሚፈልገው ቦታ ይዘላል።

ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። 100 አምዶችና 1 ሚሊዮን ረድፎች ያሉት፣ እያንዳንዱ ዋጋ 8 ባይት የሚይዝ ሰንጠረዥ 800 ሜጋባይት ይሆናል፤ ሁለቱ አምዶች ግን 16 ሜጋባይት ብቻ ናቸው። አንድ ዓይነት መረጃ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ይታመቃል፤ "አዲስ አበባ" ሺህ ጊዜ ተከታትሎ ቢመጣ ስሙንና ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል።

ይህ ሁሉ በነፃ አይገኝም። አንድ አዲስ ደንበኛ ለመመዝገብ በየአምዱ ቦታ መዞር ግድ ይላል። ስለዚህ የዕለት ገቢና ወጪ ምዝገባ በረድፍ፣ የዓመት ሪፖርት በአምድ ቢቀመጥ ይሻላል። በአምድ በተቀመጠ መረጃ ላይ "ሴሌክት ስታር" ብሎ ሁሉንም መጥራት ግን የተለፋበትን ትርፍ መልሶ መበተን ነው። ጥያቄ ጻፊው የሚፈልጋቸውን አምዶች በስማቸው ይጥራ።