የየቲሙ ቤት ሳይበተን፦ የቤት ኪራይ ድጋፍ ለማን፣ መቼና እንዴት?



ስለ የቲም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የዕለት ጉርስ፣ የዒድ ልብስ፣ ደብተርና እርሳስ ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ሆኖም አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አድ-ዱሓ ለመልእክተኛው የዋለላቸውን ጸጋ ሲያወሳ፣ የየቲምነት ዘመናቸውን አንሥቶ በቅድሚያ የጠቀሰው መጠጊያ እንደሰጣቸው ነው። ከችግር ማውጣቱ የተወሳው ከዚያ በኋላ ነው። አባታቸው ዐብዱላህ እርሳቸው ሳይወለዱ፣ እናታቸው አሚና ስድስት ዓመት ሲሆናቸው፣ አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ ደግሞ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ሞተዋል። በየጊዜው ግን የሚገቡበት ቤት አላጡም። በመጨረሻ የተቀበሏቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ብዙ ልጆች የነበሯቸውና ኑሮ ያልደላቸው ሰው እንደነበሩም ልብ ይሏል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ የመጠጊያን ጉዳይ፣ በተለይም በኪራይ ቤት ሳሉ አባታቸው የሞተባቸውን ልጆች ነው።

በደባርቅና በዳባት ከተሞች በሽመና፣ በልብስ ስፌት፣ በቀን ሥራ ወይም በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደር፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚኖር አባወራ ወደ አኺራ ሲሄድ የመጀመሪያው ሳምንት በሰው የተሞላ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ ጀመዓው ያስተዛዝናል። ወሩ ሲሞላ ግን የቤት ኪራይ ይደርሳል። አከራዩ የመጀመሪያውን ወር ይታገሣል፤ ሁለተኛውንም ምናልባት። በሦስተኛው ወር «እኔም የምኖረው በዚሁ ነው» ይላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በከተሞቻችን አንዲት ክፍል አከራይተው በእርሷ ገቢ የሚተዳደሩ አረጋውያን ጥቂት አይደሉምና አከራይን ሁሉ ጨካኝ አድርጎ መናገር ፍትሐዊ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትልቁ ልጅ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ይወርዳል። ሴቷ ልጅ ለቤት ሠራተኝነት ጎንደር ትላካለች። ታናሽየው ገጠር ላለ አጎቱ ለእረኝነት ይሰጣል። እናት የሚጠባውን ይዛ ከእህቷ ቤት ትጠጋለች። «ጎዳና ወጡ» የሚል ሰው የለም፤ በእርግጥም ከመንገድ ዳር የተኛ የለም። ቤቱ ግን ፈርሷል። በእኛ አገር ቤት አልባነት ብዙውን ጊዜ በዚህ መልክ ስለሚመጣ ከዓይን ይሰወራል። በመምህርነት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምናየው በስም መጥሪያ መዝገብ ላይ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ሳይቀር የመጣ ልጅ በየካቲት አይገኝም። «ታመመ» ወይም «ዘመድ ጋር ሄደ» ይባላል እንጂ «ኪራይ አልተከፈለም» ብሎ የሚጽፍ የለም።

ቤት የለቀቀ ቤተሰብ የሚያጣው ጣሪያ ብቻ አይደለም። ከቀበሌው ሲርቅ የነዋሪነት ምዝገባው ይናጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ መክፈል የማይችሉ ድሆች የሚለዩት በቀበሌ በኩል ስለሆነ ተጠጊ የሆነች እናት ከሁለቱም ቦታ ትቀራለች። ማኅበራት የየቲሞችን መዝገብ ሲያጣሩም «አድራሻው አልተገኘም» ተብሎ ስሙ የሚሰረዘው እርዳታውን ይበልጥ የሚሻው ልጅ ይሆናል። የደባርቅ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ደጋ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ በሚያፈስ ዳስ ወይም በሰው በረንዳ ማሳለፍ ለሕፃን የሳንባ ምች መጥሪያ ነው።

ቤት ፈላጊው ለምን በዛ ቢባል ምክንያቱ ብዙ ነው። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶባታል፤ ሠራተኛው ሁሉ ማደሪያ ይሻል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ አካባቢ የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ ከተሞቹ ገብተዋል። በዚያ ጦርነት የቲም የሆኑ ልጆችም አሉ።

አራት ወር ከአሥር ቀን

የኪራይ ድጋፍ መቼ ይሰጥ ለሚለው ጥያቄ ሸሪዓችን ራሱ የጊዜ ምልክት አኑሮልናል። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን መሆኑ በሱረቱ አል-በቀራ ተደንግጓል፤ እርጉዝ ከሆነች ደግሞ እስክትወልድ ነው። ይህን ጊዜ በቤቷ ሆና እንድታሳልፍ የታዘዘው በማን ምክንያት እንደሆነ ማስታወስ ለጉዳያችን እጅግ ይጠቅማል። የአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ እህት የሆኑት ፉረይዓ ቢንት ማሊክ (ረ.ዐ.) ባለቤታቸው ተገደሉባቸው። ሟቹ የራሳቸው የሆነ ቤትም ሆነ መተዳደሪያ አልተዉላቸውም ነበር። ስለዚህ ወደ ወገኖቻቸው ለመመለስ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ። ነቢዩም በመጀመሪያ ፈቀዱ፤ ጥቂት እንደሄዱ ግን አስጠርተው ጊዜው እስኪፈጸም በዚያው ቤት እንዲቆዩ ነገሯቸው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሲሆን ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) በዘመናቸው ይህንኑ ከፉረይዓ ጠይቀው ፈርደውበታል።

ልብ በሉ፤ ቤቱ የባልየው አልነበረም። የዛሬዋ ተከራይ እናት ያለችበትም ሁኔታ ይኸው ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ወጪው የማን ነው በሚለው ተለያይተዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ጎልቶ በሚታየው አቋም የመኖሪያዋ ወጪ ከሟቹ ውርስ ይወጣል። በሐነፊይ መዝሀብ ከውርሱ አይጠየቅም፤ ይልቁንም ኪራዩን መክፈል ካልቻለች ለመውጣት ዑዝር ይሆንላታል። ሟቹ ምንም ካልተወ ግን በሁለቱም አቋሞች እናቲቱ ባዶ እጇን ናት፤ በዒዳ ላይ ስላለችም ወጥታ ለመሥራት ያላት ዕድል የጠበበ ነው። ዒዳዋን በቤቷ ታሳልፍ ዘንድ ከልብ የምንሻ ከሆነ የቤቱን ኪራይ ማን እንደሚከፍል አስቀድመን ልንጠይቅ ይገባል። «ሴትየዋ ዒዳ አልጠበቀችም» ብሎ የሚያማ ሰው ብዙ ነው፤ ኪራዩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 1,500 ብር ነው እንበል። ዒዳው ቢበዛ አምስት የኪራይ ወራትን ስለሚነካ ድጋፉ በጠቅላላ 7,500 ብር ይሆናል። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ቤተሰቡ ከተበተነ በኋላ መልሶ ለመሰብሰብ ለአዲስ ቤት ቅድመ ክፍያ፣ የተሸጠውን ምንጣፍና ድስት መተካት፣ ልጆቹን ከየቦታው ማምጣት ያስፈልጋል፤ ያለፈው የትምህርት ዓመት ግን በገንዘብ አይመለስም። በጊዜው የደረሰ ጥቂት ገንዘብ ምን ያህል እንደሚሠራ በሌላው ዓለምም ተጠንቷል። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ለእርዳታ የደወሉ ሰዎች ገንዘብ በነበረበት ቀንና ገንዘብ ባለቀበት ቀን የደወሉት ተነጻጽረው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት በወጣው በዚህ ጥናት፣ ገንዘብ በነበረበት ቀን የደወሉት በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ወደ ቤት አልባዎች መጠለያ የመግባት ዕድላቸው በ76 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የተሰጣቸው የአንድ ጊዜ ድጋፍ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከሟቹ ዘመዶች መካከል አቅም ያላቸው «ለእርሱ ሶደቃ ይሁን» ብለው ከብት አርደው ሰው ይጠራሉ። ስለ ድግሱ መሻይኾቻችን የሚሉትን እዚህ አላነሣም። ለሟች የሚሰጥ ሶደቃ ምንዳው እንደሚደርሰው ግን ዑለማዎች የተስማሙበት ነው። የአንድ በሬ ዋጋ የልጆቹን ኪራይ ለስንት ወር እንደሚከፍል ዘመዶቹ ተቀምጠው ያስሉት።

ዘካ ለኪራይ ይውላልን?

ከለጋሾች በተደጋጋሚ የሚነሣ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ የቲም መሆን ብቻውን ለዘካ እንደማያበቃ መታወቅ አለበት። በሱረቱ አት-ተውባ አንቀጽ 60 ከተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች መካከል የቲም በስሙ አልተጠቀሰም። ሀብት የተወለት የቲም ዘካ አይቀበልም፤ ድሃ የሆነው ግን በድህነቱ ይቀበላል። መኖሪያ ደግሞ እንደ ምግብና ልብስ ሁሉ ድህነት ከሚመዘንባቸው መሠረታዊ ፍላጎቶች አንዱ መሆኑን ኢማም አን-ነወዊይ በ«አል-መጅሙዕ» አስፍረዋል። ስለዚህ ለሚመጡት ወራት የሚያስፈልገው ኪራይ በድሆችና በምስኪኖች ድርሻ ይሸፈናል። ጊዜው አልፎ የተጠራቀመው ኪራይ ዕዳ ስለሆነ በባለዕዳዎች ድርሻም ሊገባ ይችላል።

ጥንቃቄ የሚሻው አከፋፈሉ ነው። ዘካ ለተቀባዩ በባለቤትነት መሰጠት አለበት፤ ይህን በተለይ ሐነፊዮች አጥብቀው ይይዛሉ። ስለዚህ ማኅበር ገንዘቡን በቀጥታ ለአከራይ ሲሰጥ በቅድሚያ እናቲቱ «ስለ እኔ ሆናችሁ ክፈሉልኝ» ብላ ልትወክለው ይገባል። ዕዳን በተመለከተም ሻፊዒዮች ለአበዳሪው መክፈል የሚያብቃቃው በባለዕዳው ፈቃድ ሲሆን ነው ይላሉ። አንዲት ፊርማ ወይም ሁለት ምስክር ነገሩን ይጨርሰዋል። አከራዩ ክርስቲያን ቢሆን የሚለውጠው ነገር የለም፤ እርሱ የሚቀበለው ዘካ ሳይሆን የቤቱን ዋጋ ነውና። ከዘካ ውጭ ያለው ሶደቃ ደግሞ ሙስሊም ላልሆነ ችግረኛ ጎረቤትም ይሰጣል።

ለአንድ ልጅ ወርኃዊ ተቆራጭ የሚልኩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ኪራይ የሚከፈለው በልጅ ቁጥር ሳይሆን በቤት ነው። ከሦስት ልጆች አንዱ ብቻ ደጋፊ ካገኘ የእርሱ ተቆራጭ ለኪራይ ውሎ ልጁ ራሱ ጾሙን ያድራል። ኪራዩ ለብቻው ሲያዝ ግን ተቆራጩ ለታሰበለት ልጅ ይደርሳል። ስለዚህ ለዒዳው ጊዜ ሙሉ ኪራይ፣ ከዚያ በኋላ እናት ሥራ እስክትይዝ እየቀነሰ የሚሄድ ድጋፍ ማሰብ ይበጃል።

ውልን በጽሑፍ ማድረግም አይዘንጋ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ስለሆነ የየከተማውን አስተዳደር መጠየቅ ያሻል። ውሉ በሟቹ ስም ከሆነ በእናትየው ስም ማዛወር ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ሊሆን ይገባል።

የራሱ ቤት ያለው የቲም

በደባርቅ ዳርቻ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ትገኝ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ከ2,500 በላይ የሚሆኑት ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወርደዋል። ፓርኩም በቀጣዩ ዓመት በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። ገብስ ዘርተው፣ በግና ከብት አርብተው ይኖሩ ለነበሩ ሰዎች የከተማ ቤት ጣሪያ ነው፤ እርሻ ግን አይደለም። በእንዲህ ያለ ቤት አባት ሲሞት ልጆቹ ኪራይ አይጠየቁም፤ የሚመጣው ፈተና ቤቱን ሸጦ የመብላት ፈተና ነው።

በዚህ ላይ ሸሪዓው ጥብቅ ነው። የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላት በሱረቱ አን-ኒሳእ ከባድ ማስጠንቀቂያ የመጣበት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የየቲም ቤትና መሬት የሚሸጠው ለአስገዳጅ ችግር ወይም ግልጽ ለሆነ ጥቅም ብቻ ነው፤ በአገሪቱ የቤተሰብ ሕግም ሞግዚት የልጁን የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሸጥም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ መስጂዳቸው የተሠራበት ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል ነበር። ልጆቹ በነጻ እንስጥ ቢሉም ነቢዩ ዋጋውን ከፍለው እንጂ አልተቀበሉም።

ስለዚህ የራሱ ቤት ላለው የቲም የሚሻለው እርዳታ አንዱን ክፍል ለኪራይ የሚያበቃ በር፣ መስኮትና ቆርቆሮ ነው። ከሚከራየው ክፍል የሚገኘው ገቢ በልጆቹ ስም ተመዝግቦ ለእነርሱ ወጪ ይውላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የወራሽነት ማስረጃ ከሸሪዓ ወይም ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ የቤቱ ማኅደር ከሟቹ ስም ወደ ወራሾቹ መዛወር አለበት። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻውን የኒካሕ ወረቀትና የቀበሌውን የሞት ማስረጃ ቤተሰቡ ገና ሐዘን ላይ ሳለ የሚያሰባስብላቸው አንድ የሚታመን ሰው ከሰፈሩ ጀመዓ መመደብ ያስፈልጋል።