ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና የመንዝ ገበሬ

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ ውርጫማ ቦታ ነው። የመንዝ ገበሬዎች ለዘመናት የራሳቸውን ደንብ አውጥተው ጠብቀውታል። ደንቡ ቦታው ለተከታታይ ዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ እንዲዘጋ፣ ሲከፈትም ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ እንዲያጭዱ ያዛል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ይህ ሥርዓት ተዳከመ፤ በኋላ ግን ኅብረተሰቡ ራሱ በአዲስ መልክ አደራጀው።

በዚህ ጥበቃ ምክንያት ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም በጓሳ አብረው ይታያሉ። ለፎቶግራፍ አንሺዎች እጅግ አስደናቂው ትዕይንት ቀበሮው በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል ረጋ ብሎ አይጥ ሲያድን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በመንጋው መካከል ካደረጋቸው የአደን ሙከራዎች 67 በመቶው ተሳክተውለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ።

የዱር እንስሳትን ፎቶ ስታነሡ ምግብ አትስጧቸው፤ አታሳድዷቸው፤ የአካባቢውን ሰዎች ምክርም ስሙ። እንስሳቱን ጠብቀው ያቆዩልን እነሱ ናቸውና።