ሠልጣኙን ማን ይከታተለው? የዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ

ጅቡቲ ከተማ የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው በቅርቡ ነው። በ2000 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተከፈተ፤ በ2006 የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ የሕክምና ትምህርቱም በዓመቱ ተከተለ። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር መሻገር ነበረበት፤ የብዙዎቹ መድረሻ ደግሞ ፈረንሳይ ነበረች። ፓሪስ ላይ የጨነቀው ተማሪ፣ ከ1956 ጀምሮ ለተማሪዎች ተብሎ የተከፈተ የሥነ ልቦና ድጋፍ ቢሮ ያገኝ ነበር። ዛሬ ተማሪው አገሩ ላይ ይማራል። የሚያዳምጠው ባለሙያ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባንም ዓመታት ያከራከረ ጥያቄ ነው።

ብዙ ወላጆች ነገሩ የጥቂት ሰነፎች ጉዳይ ይመስላቸዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ማዕቀፍ የተካሄደና በ2018 የታተመ ጥናት፣ በስምንት አገሮች በ19 የትምህርት ተቋማት ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቆ፣ 35 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ የታወቀ የአእምሮ ጤና ችግር የሚያሳዩ ምልክቶች እንዳጋጠሟቸው አግኝቷል። ከአፍሪካ የተካተተችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። የኢትዮጵያ ተማሪ የተሸከመው ደግሞ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለፈው ልጅ የቤተሰቡን፣ አንዳንዴም የቀበሌውን ተስፋ ይዞ ሰው ወደማያውቅበት ከተማ ይመደባል። በ2019 መጨረሻ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገድለዋል፤ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱ ተማሪዎችም ነበሩ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ፈተና ሲደርስ «ማንበብ አቃተኝ» ብሎ የምክር ቢሮ የሚያንኳኳ ልጅ ከበስተጀርባው ይህ ሁሉ ሊኖር ይችላል።

ባለሙያ ከውጭ ይምጣ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። ጅቡቲ ላይ ይህ ሐሳብ መጀመሪያ የሚሰናከለው በቋንቋ ነው። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ፣ በአንዳንዱ ቤት ዓረብኛ፣ ከኢትዮጵያ በሄዱት ቤተሰቦች ዘንድ አማርኛ ይነገራል። ሰው ምርር ብሎ የሚያለቅሰው ባደገበት ቋንቋ ነው። ኑሮውን አለማወቅም አለ። በየቀኑ ከኢትዮጵያ የሚጫነው ጫት እኩለ ቀን ገደማ ከተማው ሲደርስ ገበያው ይደምቃል። ጅቡቲም ሆነ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ፈተና ሲቃረብ ጫት ከደብተር ጋር አብሮ ይወጣል። ይህን የማያውቅ አማካሪ የተማሪውን እንቅልፍ ማጣት ሰምቶ ግማሹን ብቻ ይረዳል። ብዙ ተማሪ ወደ ቢሮው ከመምጣቱ በፊት ጸበል ሄዷል፣ ወይም ሼኽ ዘንድ ቁርኣን ተቀርቶለታል። ይህን የሚያጣጥል አማካሪ ተማሪውን ሁለተኛ አያየውም።

አዲስ አበባ ይህን ክርክር በሌላ በር አልፋበታለች። ከ2003 በፊት በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ከ11 አይበልጡም ነበር፤ ለሥልጠና ወደ ውጭ ይላኩ፣ ብዙዎቹም እዚያው ይቀሩ ነበር። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ሥልጠናውን አገር ውስጥ ጀመረ። የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ያስተምሩ፣ በሽተኛ አብረው ያዩ ነበር፤ ከእነሱም ጋር አንድ የራሳቸው ሠልጣኝ ይመጣ ነበር። ሠልጣኞቹ ግን ከአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልና ከሕመምተኞቻቸው አልራቁም። ተመርቀው የወጡት በተራቸው አስተማሪ ሆኑ። ይህ የሕክምና ዶክተሮች ታሪክ ነው፤ መድኃኒት የሚያዝዙት እነሱ ናቸው። በንግግር የሚያክመው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሌላ ትምህርት አለው። ይሁንና እኔ ከታሪኩ የምወስደው ለእሱም ይሠራል፤ ተማሪ መቀበል ብቻውን በቂ አይደለም፣ መጀመሪያ የሚከታተል ሰው መቆም አለበት።

በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በሥነ ልቦና የሚመረቀው ወጣት ጥቂት አይደለም። የጎደለው ከፊቱ የሚቀድም ሰው ነው። ክትትል ሲባል ምን እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሠልጣኟ ተማሪውን በር ዘግታ ታነጋግራለች፤ ከፈቀደ ትቀዳዋለች፣ ካልፈቀደ እንደወጣ ማስታወሻ ትይዛለች። በሳምንቱ ከኃላፊዋ ጋር ተቀምጠው ቃል በቃል ያዩታል። «እንቅልፍ የለኝም ሲልሽ ለምን ቶሎ ወደ ፈተናው ወሰድሽው? ጫት ይቅም እንደሆነ ጠይቀሽዋል? መኖር ሰልችቶኛል ሲልስ ራሱን ሊጎዳ አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ጠየቅሽው?» ጀማሪ ሁሉ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ይፈራል፤ ሐሳቡን እኔ እንዳልጭርበት ይላል። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር፣ እንዲያውም እፎይታ እንደሚሰጥ በጥናት ታይቷል። ይህን ግን ከመጽሐፍ ብቻ መማር አይቻልም፤ አጠገብ ሆኖ «ጠይቂው፣ እኔ አለሁ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ፈረንሳይ በ1985 የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚለውን ስም በሕግ ከልላ፣ ማስተርሱን የያዘ ብቻ እንዲጠራበት አድርጋለች፤ ቢያንስ 500 ሰዓት እንዲህ ያለ የተግባር ልምምድም ትጠይቃለች።

ሁለተኛው ጉድለት በሩ ላይ ነው። በብዙ ግቢዎች የምክር ቢሮው ከተማሪዎች ዲን ሥር ነው፤ የሚቀጣውም ዲኑ ነው። ተማሪው የነገረው ነገር ወደ ዲስፕሊን ኮሚቴ ይሄድ ይሆን ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ቢሮው በጤና አገልግሎቱ ሥር ቢሆን፣ ፋይሉም ከአማካሪውና ከተቆጣጣሪው ሌላ ማንም የማይከፍተው ቢሆን፣ ያለ ትልቅ በጀት ግማሹ መንገድ ይኬዳል። የሚቀረው ሪፈር የሚላክበት ሆስፒታል በስምና በስልክ መታወቁ ነው።

ስፔሻሊስት እስኪበዛ መጠበቅ አያስፈልግም። በዚምባብዌ ሐራሬ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 የጀመሩት «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» የተባለ ፕሮግራም የሰፈር አሮጊቶችን አሠልጥኖ ጭንቀትና ድብርት ያለበትን ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ፤ በ2016 የታተመው ሙከራ ውጤቱን አረጋግጧል። እዚያም ቢሆን አሮጊቶቹ ብቻቸውን አልተተዉም፤ የሚከታተል ነበራቸው፣ የከበደውንም የሚልኩበት ነበራቸው።

ለጅቡቲ ቅርቡ መንገድ በእኔ እምነት ከፓሪስ አይመጣም። ጅግጅጋና ሰመራ በ2007 ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶላቸዋል፤ ከተማሪዎቻቸው መካከል ጅቡቲ ቤት ውስጥ በሚነገሩት በሶማሊኛና በአፋርኛ አፍ የፈቱ አሉ። ከእነዚህ መካከል በሥነ ልቦና የተመረቁትን ከአዲስ አበባ ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ መድቦ፣ አንድ ሴሚስተር ጅቡቲ፣ አንድ ሴሚስተር አገር ቤት ማሠራት ይቻላል። የጅቡቲ ሠልጣኞችም በተመሳሳይ ወደ አዲስ አበባ ይምጡ። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው አዲሱ የባቡር መስመር ከ2018 መጀመሪያ አንስቶ መንገደኛ ያመላልሳል። የሁለቱ አገር የትምህርት ሚኒስቴሮች መፈረም ያለባቸው ስምምነት የማን ዲግሪ የት ይቆጠራል የሚለውን እና የተቆጣጣሪውን ደመወዝ ማን ይክፈል የሚለውን የሚወስን ነው።