ከዐሣማ አንጀት የሚገኘው መድኃኒትና ንግዱ
ደም እንዳይረጋ የሚከለክለው ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት ዛሬ በብዛት የሚወጣው ከዐሣማ አንጀት የውስጥ ልባስ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ዐሣማ በማይበላባት በኢትዮጵያም ሐኪሞች ይገለገሉበታል። እ.ኤ.አ. በ1916 በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሲገኝ ግን ምንጩ የውሻ ጉበት ነበር።

ከዓለም ጥሬ ሄፓሪን ከግማሽ የሚበልጠው የቻይና ነው። በ2006 እና በ2007 በዚያ አገር የዐሣማ ተላላፊ በሽታ ተነሥቶ ጥሬው ዕቃ ተወደደ። በ2008 ወደ አሜሪካ በገባው ሄፓሪን ውስጥ ከእንስሳት ልም አጥንት በርካሽ የተዘጋጀ ባዕድ ነገር ተደባልቆ ተገኘ፤ ብዙ በሽተኞች ተጐዱ፣ የሞቱም ነበሩ። የሚያስደነግጠው የዘወትሩ የጥራት ምርመራ ባዕዱን ከእውነተኛው ሳይለይ ማሳለፉ ነው። ከዚያ ወዲህ የምርመራው ደንብ ጠብቋል። ስለዚህ አስመጪው ነጋዴ ስለ ዋጋው ከመነጋገሩ አስቀድሞ የጥሬውን ዕቃ መነሻና የተፈተነበትን ዘዴ የሚያስረዳ ሰነድ ሊጠይቅ ይገባዋል።