ያረጀ መሳቢያ ለችግኝና ለቤት

ቁም ሣጥን ቢሰበርም መሳቢያው ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ እኛ ግን ፈልጠን እናነደዋለን። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የእጅ ባለሙያዎች አሮጌውን ቆርቆሮ ወደ አዲስ ዕቃ እንደሚለውጡ ሁሉ፣ በጎሮ ያለን አጥቢያዎችም መሳቢያን ለሌላ አገልግሎት ልናውለው እንችላለን።

ጥልቁን መሳቢያ ከሥሩ በስተን፣ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለን ብንሞላው፣ ለሐበሻ ጽድና ለኮሶ ችግኝ መደብ ይሆናል። ሰፊው ከአልጋ ሥር ልብስ ይይዛል፤ ግድግዳ ላይ በቁሙ ቢሰቀል የመጻሕፍት መደርደሪያ ይሆናል። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል፣ ቀለም በተቀባው ጎመን አንትከልበት፤ ለማገዶም አናውለው።

ጽድና ኮሶ የባሌ ደጋ ዛፎች ናቸው። ከዛፍ የተገኘው ጣውላ ዛፍን መልሶ እንዲያበቅል፣ የሰበካ ጉባኤያት መጥረቢያ ከማንሳታችን በፊት መሳቢያውን እንመርምር።