የማይሞላው ሠንጠረዥ፦ የህንድ እምነቶችና የቅኝ ግዛት ታሪክ በትምህርት ገበታ

የዓለም ሃይማኖቶችን ለተማሪ የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ሠንጠረዥ አያጣም፦ ሃይማኖቱ፣ መሥራቹ፣ ቅዱስ መጽሐፉ፣ የአምልኮ ቦታው። የክርስትናውና የእስልምናው መስመር ያለ ችግር ይሞላል፤ የቡድሃውም የሲኩም ብዙ አያስቸግርም። የሂንዱው ጋ ሲደረስ ግን በመሥራቹ ሳጥን ሰረዝ ይገባል፤ በመጽሐፉ ሳጥን ደግሞ ቬዳዎች፣ ኡፓኒሻዶች፣ ራማያና፣ ማሃባራታ ተደራርበው ቦታ ይጠፋል። ሳጥኖቹ በሌላ ሃይማኖት ቁመት የተለኩ ናቸው፤ ልኩን ከወሰዱት አንዱም የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ነው። የህንድን እምነት በአንድ ምዕራፍ፣ ቅኝ ግዛቱን በሌላ ምዕራፍ ለይቶ ማስተማር ሁለቱንም የሚያደበዝዛቸው ለዚህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂንዱ የሚለው ቃል ሲነሣ የወንዝ ስም ነበር። በሳንስክሪት ሲንዱ የሚባለውን፣ ዛሬ ኢንደስ የምንለውን ወንዝ ፋርሶች «ሲ»ን ወደ «ሂ» ለውጠው ጠሩት፤ ግሪኮች ከእነሱ ወስደው ኢንዶስ አሉት። በመጽሐፈ አስቴር መክፈቻ ላይ ከኢትዮጵያ ጋር አብራ የምትጠራው ህንድም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ውሃ ነው። ቃሉ በመጀመሪያ አገርንና የአገሩን ሰው እንጂ እምነትን አያመለክትም ነበር። የሙስሊም ነገሥታት በሰሜን ህንድ ሥር ሲሰዱ ግን ሙስሊም ያልሆነውን ነዋሪ መለያ እየሆነ ሄደ።

በዚህ አንድ ስም ሥር የተሰበሰበው ነገር እጅግ ሰፊ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ሪግቬዳ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ እንዳለው ይገመታል፤ አብዛኛውን ዕድሜውንም የኖረው በብራና ሳይሆን በአፍ ነው። ብራህሚን የሚባለው የካህናት መደብ ልጆች የሚያጠኑበት ዘዴ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው፦ አንደኛውንና ሁለተኛውን ቃል ቀጥ አድርገው ይላሉ፣ ገልብጠው ይደግማሉ፣ እንደገና ቀጥ ያደርጉታል፤ ከዚያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እንዲሁ። አንድ ቃል ብትዘል እንደ ሽሩባ የተጎነጎነው ንባብ ስለሚፈታ ስሕተቱ ወዲያው ይያዛል። ዳዊት በቃሉ የደገመ የቆሎ ተማሪ የዚህን ድካም ሳይነገረው ያውቀዋል። ከቬዳው ጎን ቪሽኑን፣ ሺቫን፣ እናት አምላክን የሚያመልኩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መጽሐፍና ሥርዓት ያላቸው ጉባኤዎች አሉ፤ የመንደር አማልክት ደግሞ ተቆጥረው አያልቁም።

ቡድሂዝምና ጃይኒዝም የቬዳን ሥልጣን ሳይቀበሉ ከዚያው ምድር በቅለዋል። የቡድሃ ታሪክ መልኩን ለውጦ በአረብኛ በኩል ኢትዮጵያም ደርሷል፤ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 ወደ ግዕዝ የመለሱት በረላምና ይዋሴፍ ሥሩ የህንዱ ልዑል ገድል ነው። የሲክ እምነት በጉሩ ናናክ (1469–1539) ከፑንጃብ ተነሣ። የኬራላ የቶማስ ክርስቲያኖች፣ ከፋርስ የመጡት ፓርሲዎችና የኮቺን አይሁዶችም የህንድ ሰዎች ናቸው፤ የሙስሊሙማ ብዛት ከብዙ ሙስሊም አገሮች ይበልጣል።

ይህን ሁሉ በሁለት መዝገብ መክፈል የተጀመረው በፍርድ ቤት ነው። የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1765 የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ መብት ሲያገኝ ፍርድ መስጠትም ዕዳው ሆነ። አስተዳዳሪው ዋረን ሄስቲንግስ በ1772 በጋብቻ፣ በውርስና በመሰል ጉዳዮች ሙስሊሙ በቁርዓን፣ ሂንዱው ሻስትራ በሚባሉት የሳንስክሪት መጻሕፍት እንዲዳኝ ወሰነ። እንግሊዛዊው ዳኛ ግን ሳንስክሪት አያውቅም። ስለዚህ ፓንዲት የሚባሉ 11 የሳንስክሪት ሊቃውንት ካልካታ ላይ ተቀምጠው ሕጉን ከየመጽሐፉ በሳንስክሪት አጠናቀሩ፤ ያ ወደ ፋርስኛ ተመለሰ፤ ናትናኤል ሃልሄድ የተባለው ወጣት የኩባንያው ጸሐፊ ፋርስኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1776 ለንደን ላይ አሳተመው። በሁለት ትርጉም የተጣራ ሕግ ምን ያህል ጣዕሙን እንደሚጠብቅ አንባቢ ይፍረድ። ቀጥሎ ዊልያም ጆንስ የተባለው ዳኛ ፓንዲቶቹን ሙሉ በሙሉ ማመን ስላልፈለገ ራሱ ሳንስክሪት ተማረ፤ የማኑ ሕግ የሚባለውን ጥንታዊ የሳንስክሪት መጽሐፍ ተርጉሞ በ1794 አወጣ። ውጤቱም ከአውራጃ አውራጃ፣ ከወገን ወገን የሚለያየው ልማድ እየደበዘዘ፣ ብራህሚኖች የጻፉት መጽሐፍ የሂንዱ ሁሉ ሕግ ሆኖ መቆጠሩ ነው።

ስለዚህ ስለ ልማድ የሚነሣው ክርክርም የመጽሐፍ ክርክር ሆነ። ባሏ የሞተባት ሴት ከአስከሬኑ ጋር የምትቃጠልበት የሳቲ ልማድ በ1829 በአዋጅ ሲታገድ፣ ልማዱን የተቃወመው ራሞሃን ሮይም ሆነ የደገፉት ወግ አጥባቂዎች የተሟገቱት ሻስትራ እየጠቀሱ ነበር። የሴቲቱ ሥቃይ በክርክሩ ውስጥ ብዙ ቦታ አላገኘም።

የእንግሊዞቹ ሥራ ግን ማጣመም ብቻ ነበር ማለት ሐሰት ይሆናል። ለብዙ መቶ ዓመታት ማንም ሊያነበው ያልቻለውን የብራህሚ ፊደል ጄምስ ፕሪንሴፕ በ1837 ፈታው፤ በድንጋይ የተቀረጸው የጥንቱ የህንድ ንጉሥ የአሾካ ቃል ከረጅም ዝምታ በኋላ ተሰማ። ዛሬ የአሾካ አንበሶች የህንድ መንግሥት ዓርማ ናቸው።

ከሕጉ ቀጥሎ ሁለተኛውና የበለጠ የከበደው ለውጥ የሕዝብ ቆጠራው ነው። በ1857 ከተነሣው ታላቅ ዓመፅ በኋላ ሥልጣኑ ከኩባንያው ወደ ዘውዱ ሲዛወር ንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥቷ በሕዝቡ እምነት ጣልቃ እንደማይገባ አወጀች። ከ1871 ጀምሮ ግን ቆጣሪ በየደጁ እየዞረ ሃይማኖትንና ካስት የሚባለውን የትውልድ መደብ ይጠይቅ ጀመር። ከዴልሂ በስተ ደቡብ የሚኖሩት ሜዎዎች ሙስሊም ሆነው ሳለ የሂንዱ ስም ይይዙ፣ የሂንዱ በዓልም ያከብሩ ነበር። ቅጹ ግን አንድ መልስ ብቻ ይፈልጋል። በ1901 የቆጠራው ኃላፊ ኸርበርት ሪዝሊ ካስቶች በማኅበራዊ ክብር ደረጃ እንዲሰለፉ አዘዘ፤ ከዚያ በኋላ «ከፍ አድርጋችሁ መዝግቡን» የሚል ማመልከቻ ጎረፈ። በ1911 በቤንጋል የደረሰው ወረቀት ሲመዘን ከ50 ኪሎ ይበልጥ ነበር።

ቁጥሩ ወደ ፖለቲካ ለመሸጋገር ጊዜ አልወሰደበትም። በ1909 በወጣው ሕግ ሙስሊሞች የራሳቸውን ተወካይ ለብቻቸው እንዲመርጡ ተደረገ፤ ስንት ነን የሚለው ጥያቄ ስንት ወንበር ይገባናል ወደሚለው ተለወጠ። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ድንበሩ የተሰመረው በዋነኛነት በቆጠራው መዝገብ ላይ የትኛው ወረዳ የማን ብዙኃን እንዳለበት እየታየ ነው።

ታዲያ ሂንዱይዝምን የፈጠሩት እንግሊዞች ናቸው? አንዳንድ ምሁራን ወደዚህ ያዘነብላሉ። ሌሎች ደግሞ በ15ኛው መቶ ዘመን የኖረው ባለቅኔ ካቢር ሂንዱንና ሙስሊምን በየስማቸው እየጠራ ሁለቱንም እንደነቀፈ ያስታውሳሉ፤ ስሙ ከቅኝ ገዢው በፊት የሃይማኖት ትርጉም ይዟል ማለት ነው። የኋለኞቹ ማስረጃ ጠንካራ ነው። የቅኝ አስተዳደሩ አዲስ ነገር ድንበሩን ማጥበቁና ከድንበሩ ጋር መብትና ወንበር ማያያዙ ነው።

በትምህርት ቤት ጉዳዩ እስካሁን አልበረደም። የህንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 በመንግሥት ገንዘብ ብቻ በሚተዳደር ትምህርት ቤት ሃይማኖት እንዳይሰበክ ይከለክላል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2002 ስለ ሃይማኖቶች ማስተማር ከስብከት የተለየ ነው ሲል ወሰነ። በ2023 ስለ ሙስሊሞቹ ሙጋል ነገሥታት ቤተ መንግሥት የሚናገር ምዕራፍ ከ12ኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍ ወጣ፤ የመጽሐፉ አዘጋጆች የተማሪውን ሸክም ለማቅለል ነው ሲሉ፣ ብዙ የታሪክ ምሁራን ግን የሙስሊሙን ዘመን ማደብዘዝ ነው ብለው ተቃወሙ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያም ከ2005 እስከ 2006፣ ኋላም በ2016 የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ ጉዳይ ስደተኛ ህንዶችን ለሁለት ከፍሏል። አንዳንድ የሂንዱ ማኅበራት ልጆቻችን በክፍል ይሸማቀቃሉ ብለው ስለ ካስት የተጻፈው እንዲለዝብ ጠየቁ፤ በካስት ሥርዓት ከሁሉ በታች የተደረጉት ዳሊቶች በበኩላቸው የአባቶቻችን ግፍ ከመጽሐፍ ይፋቅ ወይ ብለው ተነሡ። የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው ዶክተር አምቤድካር ራሱ ዳሊት ነበረ፤ በ1956 ናግፑር ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂስት ሆኗል። ይሁንና በህንድ የጋብቻ ሕግ ቡድሂስቱም፣ ጃይኑም፣ ሲኩም እስከ ዛሬ የሚዳኙት ሂንዱ በሚል ርእስ በወጣ አዋጅ ነው፤ የሄስቲንግስ መዝገብ አልተዘጋም።

የቆጠራው ቅጽም አልተዘጋም። በህንድ የጃርካንድ ክፍለ ግዛትና በአካባቢው የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች በሳል ዛፎች ደን፣ እነሱ ሳርና በሚሉት ስፍራ ያመልካሉ፤ መሥራችም፣ መጽሐፍም፣ ግንብም የላቸውም። በ2011 ቆጠራ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው «ሌላ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ሳርና ብሎ አስመዘገበ። የጃርካንድ ምክር ቤትም በኅዳር ወር 2020 ሳርና በቅጹ ላይ የራሱ መስመር እንዲሰጠው የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፎ ለማዕከላዊው መንግሥት ላከ።